የዋልታው ነፋስ የዞረ ዕለት

ዕዝራ መጀመሪያ የቀናው በነፋስ ነው። በሰው መቅናት የጀመረው ቆይቶ ነው።

ነፋሱ የአርባ ምንጭ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ከዓባያ ሐይቅ ተነስቶ የሲቀላ ሰፈርን አቧራ የሚያስጨፍረውን ነፋስማ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ በአባቱ የሙዝ እርሻ ውስጥ አብሮት አድጓል። ማዕዶት ቀን ከሌት የምታስበው ነፋስ በሰሜን ዋልታ፣ ከምድር ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚነፍስ ነበር።

የተዋወቁት መብራት ሲጠፋ ነው። እሱ በዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የኮምፒውተሮቹ ቴክኒሻን፣ እሷ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበሩ። መነፅሯን እያስተካከለች እየሮጠች መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ፣ የጄኔሬተሩ ባለቤት አንተ ነህ?»

«ባለቤቱ መንግሥት ነው። እኔ አስነሺው ነኝ።»

«እንግዲያው ቶሎ አስነሳልኝ። ሦስት ቀን የሠራሁት ሊጠፋብኝ ነው።»

«ምን ነበር የምትሠሪው?»

«ነፋስ።»

ዕዝራ የጄኔሬተሩን ማስነሻ ገመድ እየሳበ ሳቀ። «ነፋስማ ሳይሠሩትም ይነፍሳል።»

በዚያው ቀን ወደ ግቢው በር አብረው ሲወጡ አስረዳችው። እዚያ ከፍታ ላይ መለኪያ ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። ከሰማይ የሚወርዱ ጥቃቅን ድንጋዮች፣ ሕዝቡ ተወርዋሪ ኮከብ የሚላቸው፣ እዚያ ሲደርሱ ይቃጠሉና ጭራ ይተዋሉ። ነፋሱ ጭራውን ይገፋዋል። መሬት ላይ ያለ ራዳር ያንን ግፊት ያዳምጣል። ራዳሩ ያልሰማውን ደግሞ ኮምፒውተር በሞዴል እያሰላ ይሞላዋል።

«እኛ ነፋስ ምን ያህል እንደነፈሰ የምናውቀው በሙዝ ቅጠል ነው» አለ ዕዝራ። «ቅጠሉ በተተለተለው ልክ።»

ማዕዶት ቆም ብላ አየችው። «እዚያ ላይ ሙዝ የለም። የሚተለተለው ኮከብ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ነገር የተጀመረው።

«ግን ዋልታ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ጠየቃት ሌላ ቀን።

«በአንዳንድ ክረምታቸው ነፋሱ በድንገት ይዞራል። ወደ ምሥራቅ ሲነፍስ የከረመው ወደ ምዕራብ ይሆናል። እዚያ በዞረ በሳምንቱ ገደማ ከእኛ በላይ ያለው ሰማይም ይረበሻል። ልክ ከእኛ በላይ።» ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ዕዝራ ቀና ብሎ አየ። «ምንም አይታየኝም።»

«አይታይም። ግን ሰማዩ ይሰማዋል።»

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ጫሞ ዳር ዓሣ በሉ፣ አሥር ጊዜ ተኮራርፈው አሥር ጊዜ ታረቁ። የእሷ አባት አቶ ባዘዘው ከጎንደር በሹመት መጥተው ሴቻ ላይ ቤት ሠርተው የቀሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ። የእሱ ቤተሰብ የጋሞ ሰው፣ ጴንጤ። ዕዝራን የሚያስፈራው ግን ይህ አልነበረም። የሚያስፈራው ጥዑመልሳን ነበር።

ጥዑመልሳን የአቶ ባዘዘው የልጅነት ጓደኛ ልጅ ነው። ከማዕዶት ጋር ተምሮ፣ የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ ሰሜን ኖርዌይ ጫፍ ያለ ራዳር ጠባቂ ሆኗል። የለካውን ነፋስ በየሳምንቱ የሚልክላት እሱ ነው። ልኮ ዝም አይልም፤ ይደውላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፁ እየተቆራረጠ «ማዕዱ» ይላታል።

ማዕዱ የሚሏት አባቷ ብቻ ነበሩ። ዕዝራ አንድ ቀን እንኳ ደፍሮ ብሏት አያውቅም።

አንድ የኅዳር ቀን ዕዝራ ከጠረጴዛ ሥር ገመድ ሲያስተካክል ከላይ ከጥዑመልሳን ጋር የምታወራው ማዕዶት ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቶ አያውቅም። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ፣ መነፅሯን አውልቃ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ዕዝራ ከሥር ብቅ አለ። «ምን አለሽ?»

«ኧረ ተወው። ሲነገር አያስቅም።»

ያቺ ሳቅ ዕዝራ ላይ ተተከለች። አብራው በላች፣ አብራው ተኛች። «እኔ ናፍጣ እየቀዳሁ፣ ሳቁ ለሌላ ሰው» ይል ነበር ለራሱ። በመጨረሻ ምዕራብ ዓባያ ወርዶ አጎቱን አቶ ኦይታን ሽምግልና ለመናቸው። የገና ማግስት እንዲሄዱ ተስማሙ። ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት ነበር።

ቀኑን ለማዕዶት አልነገራትም። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ ጓዳ ሆና እንድትጠብቅ፣ አባቷ ጠርተው እንዲጠይቋት የታወቀ ነው። እሱን ግን ቅናቱ መከረው። ብትሰማ ለዚያ ሰውዬ ትነግረዋለች። ልቧ የእኔ ከሆነ እንዲያውም ያን ቀን ቤት ትውላለች። እንዲህ አለ።

የገና ማግስት ግቢው ባዶ ነበር። ዕዝራ የኮምፒውተሮቹ ክፍል ቁጭ ብሎ የአጎቱን ስልክ ሲጠብቅ በሩ ተበረገደ። ማዕዶት ናት፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ዕዝራ፣ ዞረ! ነፋሱ ዞረ! ጥዑመልሳን አሁን ደወለልኝ፣ ልኬቱን ሊልክልኝ ነው።»

ዕዝራ ስልኩን አየ። ሽማግሌዎቹ በዚያች ሰዓት ሴቻ እሷ ቤት ተቀምጠዋል።

ኮምፒውተሩን ከፈተች። ያ ድምፅ «ማዕዱ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ። ወዲያው መብራት ጠፋ።

«ጄኔሬተሩን» አለች።

«ናፍጣ የለም።»

ማዕዶት ጎንበስ ብላ እግሩ ሥር ያለውን ጀሪካን አነሳችና ነቀነቀችው። ናፍጣው ተንቦጫቦጨ። ጉልበቱ ፊት አስቀመጠችው።

ስልኩ ጮኸ። አቶ ኦይታ ሲያወሩ ለገበያ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት፤ ክፍሉ ሙሉ ተሰማ። አማርኛቸው ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። «ልጄ፣ ልጅቷ የለም ብሎናል። አባትየው ይምጣና ይጠየቅ ብሎ ሰው ፍለጋ ልኳል። ቁጭ ብለናል።»

ማዕዶት ወደ ዕዝራ ዞረች።

«ሽማግሌ ልከሃል?»

«አዎ።»

«ዛሬ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልብሽ ይነግርሻል ብዬ።»

«የእኔ ልብ ራዳር ነው?»

ዕዝራ መሬት መሬት አየ። «ስትስቂ ሰማሁሽ። ከእሱ ጋር።»

የተቆጣች መሰለው። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ወር ኖርዌይ ነይና አብረን እንሁን ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩት። ያልነገርኩህ እንዲህ ትሆናለህ ብዬ ነው።» ነጠላዋን አጣፋች። «በል ተነስ፣ አስነሳው። ልኬቱ ዛሬ ካልገባ አይገኝም። አንተ ተቀበልልኝ።»

«እኔ? ከእሱ?»

«ከማን ይሆን? እኔ በባጃጅ ወጥቼ አባቴ ፊት ልቆም ነው። ሁለት ቦታ መሆን አልችልም።»

ሄደች። ዕዝራ ገመዱን ሳበ። ጄኔሬተሩ አገሣ፣ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ነቁ። መስመሩ ተመልሶ ሲገናኝ ምስልም መጣ። ቀጭን ሰው፣ ከኋላው መስኮት። እኩለ ቀን ሆኖ መስኮቱ ጥቁር ነበር፤ እዚያ በክረምት ፀሐይ አትወጣም።

«ማዕዱ?»

«አይደለችም። ዕዝራ ነኝ።»

«የት ሄደች?»

«ቤት። ሽማግሌ ገብቶ።»

ሰውየው ወደ ጥቁሩ መስኮት ዞር አለ። ከዚያ ተመለሰ። «ትልቅ ፋይል ነው። ኃይል እንዳይቋረጥብህ ጠብቀው።»

«እጠብቀዋለሁ።»

እስኪመሽ ድረስ ዕዝራ የባላንጣውን ነፋስ ሲጠብቅ ዋለ።

እሷ ምን እንዳለች አቶ ኦይታ ናቸው በኋላ የነገሩት። አባቷ «እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?» ሲሏት «ሰዎቹን አላውቃቸውም። የላካቸውን አውቀዋለሁ። ቀኑን ግን ደብቆኝ ነው» አለች። አቶ ባዘዘው ሳይፈልጉ ሳቁ። የሳቀ አባት ደግሞ እንቢ ለማለት ይቸገራል። ቢሆንም ሽማግሌዎቹን እንደ ደንቡ ሁለት ጊዜ አመላለሷቸው። ቤተ ክርስቲያኑም የሷ ይሁን የሱ ይሁን ሳይባል በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ተጋቡ።

አምስት ዓመት ኖሩ። እሷ አስተማሪ ሆነች፣ ነፋሱንም አልተወችም። ዕዝራም መቅናቱን አልተወም፤ እሷ ግን «ናፍጣ የለም» እያለች ታስቀው ነበር።

በሁለት ሺህ አሥር ታመመች። ዝናቡ ሳያባራ ቀበሯት።

ድንኳኑ ውስጥ የመጣ ሁሉ ዕዝራ የማያውቃትን አንዲት ማዕዶት ይዞ መጣ። አንዷ ስምንተኛ ክፍል እያሉ አጥር ዘለው ማንጎ መስረቃቸውን አነሳች፤ አንዱ ተማሪዋ ፈተና ሲወድቅ ምን እንዳለችው አወራ። ዕዝራ ጥግ ተቀምጦ በለቀስተኛው ሁሉ ቀና። የእሱ ብቻ የሆነች ትንሽ ነገር ፈልጎ አጣ።

በቀጣዩ ዓመት ገና ሊደርስ ሲል ከውጭ አገር ቁጥር ተደወለለት።

«ዕዝራ፣ ጥዑመልሳን ነኝ። ነፋሱ ዞረ። ለማን እንደምነግር አጥቼ ነው።»

«እኛ ጋ መቼ ይደርሳል?»

«ሳምንት ቢሆነው ነው።»

ዕዝራ ሊጠይቅ ያልፈለገውን ጠየቀ።

«ከሽምግልናው በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ነገር ነግረሃት በጣም ስቃ ነበር። መነፅሯን እስክታወልቅ። ምን ነበር ያልካት?»

ጥዑመልሳን አሰበ።

«ስቃ ነበር? ወንድሜ፣ ትዝ አይለኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። ይቅርታህን።»

ዕዝራ ስልኩን ዘግቶ በአባቱ እርሻ ሙዙ መሃል ቆመ። ስድስት ዓመት ያቺን ሳቅ የሌላ ሰው አድርጎ ተሸክሟት ኖሯል። ለካ ባለቤቱ ጥሏት ሄዷል። የትከሻዋን መንቀጥቀጥ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቀውን ድምፅ፣ በነጠላዋ ጫፍ የጠረገችውን ዓይን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል።

ከሐይቁ የመጣው ነፋስ ቅጠሉን ሲተለትለው ዕዝራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ አውጥቶ ጠራት።

«ማዕዱ» አለ።