ዳገቱ ላይ የቀረው ድንጋይ

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፤ ይህ ወሬ ብርሃን አይወድም። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ግባና ዝጋው! ፈሪ ሁሉ መውጫ መውጫውን ይይዛል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጨረቃ የለችም። መንገዱ ኮረኮንች፣ በአንድ ጎኑ ተራራ፣ በአንድ ጎኑ ገደል። መንደሯን አልጠራትም፤ የባለታሪኩ ዘመዶች እዚሁ መሃላችሁ አይጠፉም።

በዚያ ዳገት ጓንጉል የሚባል ሹፌር ጭድ ጭኖ ይወጣል። ብቻውን። መኪናው አሮጌ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ያስላል። ሰው ያንን ዳገት በሌሊት ብቻውን ይወጣል? አይወጣም። ጓንጉል ግን በቀን ማለፍ ያፍር ነበር። ለምን አትሉኝም?

ባለፈው ክረምት እዚያው ዳገት ላይ መኪናው ፈልቶበት ቆመ። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ስር ትልቅ ድንጋይ ሸጎጠ። ሲበርድለት አስነስቶ ሄደ። ድንጋዩስ? መንገዱ መሃል ቀረ። የኛን ሹፌሮች ታውቋቸው የለ! መኪናው አንዴ ዳገቱን ከያዘ ማን ይወርዳል? "ሌላው ያነሳዋል" ነው።

ሌላው መጣ። ጋሽ አምባዬ የሚባል አንጋፋ ሹፌር በጨለማ ሲወርድ ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ መሪው ከእጁ አመለጠ፤ ከነመኪናው ገደል ገባ። የቆመ መኪና አይቶ አልፎ የማያውቅ ሰው ነበር። ለቅሶው ላይ ሰዉ "ድንጋዩን የተወው እጁ ይሰበር!" እያለ ሲራገም፣ ጓንጉልም ድንኳኑ መሃል ቆሞ "ይሰበር!" አለ። ሰማችሁ? በገዛ አፉ! የሟች ሚስት እቴ ይመኙሻል እጁን ይዘው "አንተ ነህ የልብ ወዳጁ" አሉት። ከዚያ ወዲያ በቀን አላለፈም።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት መኪናው እዚያው ቦታ ላይ ፈላ። የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ፤ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር አፏጨ። ጓንጉል ቆመ። እንደ ልማዱ ከጎማው ስር ድንጋይ ሸጎጠ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካኑን አንስቶ፣ የራዲያተሩን ቆብ ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ፦

"አትንካው!"

ዞር አለ። ማንም የለም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትዋሹ፣ እግሬ አውጪኝ ነው!

"በትኩሱ ከከፈትከው ፊትህን ይልጠዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህበትም ቴስታታው ይሰነጠቃል። ቆይ፣ ይብረድ።"

ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ለማታውቁት።

"ማነህ አንተ?" አለ ጓንጉል።

"መንገደኛ ነኝ።"

ቆየ። ጥቂት ቆይቶ ከኮፈኑ ማዶ እጆች ታዩ። እጅ ብቻ። ችንጊያውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ በአውራ ጣት ጫን ጫን አደረጉ። "ይኼ አልላላም።" ቆቡን ያለ ጨርቅ ፈቱ። የቀረው እንፋሎት በእጆቹ ውስጥ አልፎ ወጣ፤ እጆቹ አልተሰበሰቡም።

"ውሃ ስትጨምር ነው የከረምከው፣ አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

ጋሼ አለ፣ ልብ በሉ። ድምፁን ለይቶታል።

"የጎደለህ ውሃ አይደለም፣ ንፋስ ነው። የራዲያተሩ ፊት በጭድህ ተደፍኗል። በምን ይተንፍስ? አንተስ አፍንጫህን ብደፍንህ ትወጣዋለህ ይህን ዳገት?"

እጆቹ ጭዱን ይነቅሉ ጀመር። ጓንጉልም አንገቱን ደፍቶ አብሮ ነቀለ። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ፈርቶ ነው? ፈርቷል። ከፍርሃቱ ግን ሀፍረቱ ባሰ። የገደልከው ሰው መኪናህን ሲሠራልህ ምን ብለህ ታመሰግነዋለህ?

"አስነሳ" አለው። አስነሳ። ቀስቱ ቀስ እያለ ወረደ። ያን ጊዜ ድምፁ ጆሮው ስር መጣ፦

"ጓንጉል፣ ድንጋዩን እኔ ላንሳልህ?"

ነዳጁን ረገጠ! በረረ! ድንጋዩስ? ቀረ። እንደገና ቀረ!

ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከፊቱ መብራት መጣ። ለንግሥ የሚሄዱ ተሳላሚዎች የሞሉበት አውቶቡስ፣ እየዘመረ፣ ቁልቁል። ጓንጉል ጡሩምባ ነፋ። ሹፌሩ ሰላምታ መሰለው፤ ነፋለትና አለፈ።

ጓንጉል መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ እሱ በአቋራጩ፣ በእሾሁ መሃል፣ እየወደቀ እየተነሳ ሮጠ። ወደዚያ ሰውዬ። ብቻውን። ደርሶ ድንጋዩን አቀፈ። አልነሳ አለው። የአውቶቡሱ መብራት መጠምዘዣው ላይ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ከማዶ ሁለት ቀዝቃዛ እጆች ድንጋዩን ያዙለት። አነሱት። አውቶቡሱ ልብሱን ታክኮ አለፈ፤ ዝማሬው እንኳ አልተቋረጠም።

ሲነጋ ገበያተኞች ድንጋይ ታቅፎ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኙት። እቴ ይመኙሻልም ከገበያተኞቹ መሃል ነበሩ።

"ምነው ልጄ? የማን ድንጋይ ነው?"

"የኔ ነው" አለ። "ያኛውም የኔ ነበር።"

እሳቸው ነጠላቸውን አጣፉ።

"አስቀምጠውና ተከተለኝ" አሉት። "ለአምባዬ ልጆች አንተው በአፍህ ትነግራቸዋለህ።"

በሉ፣ ተነሱ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ሂዱ። መንገድ ላይ እጅ ብቻ ካያችሁም አትሩጡ፤ ከኋላችሁ ምን ትታችሁ እንደመጣችሁ መጀመሪያ አስቡ።