የሐጂ ጠይብ ጺም

ሐጂ ጠይብ ምንጣፍ መሸጫ ሱቃቸው ውስጥ፣ ጥቅል ምንጣፍ ላይ እንደተደገፉ ሞተው ተገኙ። ሰባ ዓመታቸው ነበር። ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ሁለት ነገር ጻፈ፤ ደማቸው ወፍሮ ረግቶ የልባቸውን ሥር ዘግቷል፤ የወንድ ሆርሞናቸውም ከጎረምሳ ሦስት እጥፍ በልጧል።

መርካቶ ይህን ሲሰማ ለፍርድ አልዘገየም። «ልጅ እግር ሚስት አግብቶ! የጉልበት መድኃኒት ያበላችው እሷ ናት!» ተባለ። ሚስታቸው ዘኪያ ታሰረች፤ ፍርድ ቤትም ልትቀርብ ነው።

ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ግን የሰፈር ወሬ አይጥማትም። ሐጂ በሞቱ በአምስተኛው ቀን፣ በችሎቱ ዋዜማ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው የሟች ቤት ሄደች። የሐጂ እህት እትዬ ምስራ በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን ጋርደው፣ መስታወቱን በጨርቅ ሸፍነው፣ በሻሽ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ድምፅዎ ጎርንኗል። ጉንፋን ይዞዎት ነው?»

«ጉንፋን በሆነና በወደድኩ!» ሻሹን ገለጡት። አገጫቸው ላይ ጥቁር ጺም በቅሏል። «ወንድሜ አላረፈም፤ እኔ ላይ ሰፍሯል። ስናገር የምሰማው እሱን ነው። ደሜን መልሱልኝ እያለ ነው፣ ልጄ!»

ሰብለ ወንጌልን ብርድ ብርድ አላት። ዓይኗን ግን ከአገጫቸው አላነሳችም።

«መቼ ጀመረዎት?»

«እሱ ሳይሞት ነው። እየነቀልኩ ደበቅኩት።»

«በሕይወት ያለ ሰው ነፍስ ሰው ላይ አይሰፍርም። ለሐጂ በእጅዎ ምን ይሠሩላቸው ነበር?»

«የደም ሥሩ ጠቦ እግሩን ያመው የለ? ሦስት ወር ሙሉ ቅባት አሸሁለት። ልጁ ቢላል ነው ‹የቁርጥማት ነው› ብሎ ያመጣው።»

«ሌላ ሰው ቀብቷቸው ያውቃል?»

«አንድ ጁምዓ አሞኝ ቢላል ቀባው። እጁን በፌስታል ጠቅልሎ! ‹አንተ ቀበጥ፣ የአባት እግር ይጸየፏል?› ብዬ ስቄበታለሁ።»

ሰብለ ወንጌል የቅባቱን ቱቦ ወስዳ አስመረመረች፤ የሐጂንም ሐኪም ጠየቀች። ከሰዓት እትዬ ምስራንና ቢላልን እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው። ዘኪያም እጇ በካቴና ታስሮ መጣች።

«ሐጂ መድኃኒት አልዋጡም፣ አልተወጉም» አለች ሰብለ ወንጌል። «ቅባቱ የወንድ ሆርሞን ነው፤ ደም ያወፍራል። የሚያሸውንም ሰው፣ የሚታሸውንም ሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። የእትዬ ምስራ ጺም ከዚያ ነው የመጣው። የዘኪያን ፊት እዩት፤ አንዲት ጸጉር የለበትም፤ ቅባቱን ነክታው አታውቅም።»

«እኔ ነኛ የገደልኩት?» አሉ እትዬ ምስራ።

«እርስዎ አላወቁም። ያወቀ ሰው ግን አለ። የቁርጥማት ቅባት የሚቀባ ሰው እጁን በፌስታል ለምን ይጠቀልላል? ሐኪማቸው ‹የደም ሥራቸው የጠበበ ነው፤ የወንድ ሆርሞን እንዳትሰጧቸው› ሲልስ ከአባቱ ጋር የነበረው ማን ነው?»

ቢላል አንገቱን ደፋ። «ልገድለው ብዬ አልነበረም። ‹ሱቁን ዘግቼ አገሬ ወሎ ገብቼ ልሙት› አለ። ከበረታ ይቀራል ብዬ ነው። ደግሞ በርትቶ ነበር! ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሱቅ አንዴ እንኳ ሳያርፍ መጣ። አባቴን መልሼ አገኘሁት ብዬ…»

«እሷ ስትታሰርስ ለምን አልተናገርክም?»

ቢላል ፊቱን ከዘኪያ አዞረ።

ካቴናው ከዘኪያ እጅ ተፈታ። እትዬ ምስራ እግሯ ላይ ወደቁ። «አፉ በይኝ ልጄ፣ እኔም ጠርጥሬሽ ነበር።»

ዘኪያ አንስታ አቀፈቻቸው። ከዚያ የሐዘን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ሰሞኑን ገዳይ ነበርኩ፣ እትዬ። ባሌ የሞተብኝ ገና ዛሬ ነው። ተዉኝ፣ ላልቅስበት።»