ያልቀዘቀዘው አስከሬን

የባዮሎጂ መምህሩ ለማዳበሪያ በሚበሰብሰው የኮምፖስት ክምር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ የጧቱ ደወል ገና አልተደወለም ነበር። ያገኘችው አትክልተኛዋ ናት። ተማሪዎች በፍቅር «የትል አባት» የሚሉት ሰው ነበርና ትል ሊፈልግ ያጎነበሰ መሰላት።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

ጠጋ አለች። ከማጅራቱ በላይ ደም ረግቷል። አጠገቡ የወደቀው አካፋ የራሷ ነው። ልትገለብጠው ስትታገል ከመምህራኑ ጋር በሰርቪስ መኪና የደረሰው ርእሰ መምህር ከሩቅ ጮኸባት።

«አንቺ! እንዳትነኪው! ነርሷ ትየው!»

የልጆች ቁስል ከማሰር በቀር ሌላ ያልሠራችው፣ ሬሳ ነክታ የማታውቀው የትምህርት ቤቱ ነርስ እጇን በሸሚዙ ሥር ሰደደች። «ገና ትኩስ ነው» አለች። «ከሞተ አንድ ሰዓትም አይሞላው።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ አትክልተኛዋ ዞረ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ግቢው ውስጥ የነበሩት እሷና ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ ናቸው።  ርእሰ መምህሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ሦስተኛ ክፍል ያለችው ልጅሽን ማን ያሳድግልሽ ይሆን?» አላት። ልጅቷ ከእሷ በቀር ማንም የላትም።

የፖሊስ መርማሪዋ ስትመጣ ተማሪዎቹ ሬሳ እንዳያዩ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«አባባ፣ ዛሬ ጧት ማን ገባ?»

«መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥላ ፀሐይ» አለ በአገጩ ወደ አትክልተኛዋ እየጠቆመ። «እኔን እንዳትጠረጥሪ ልጄ፤ አካፋ ቀርቶ ማንኪያም ይከብደኛል።»

ርእሰ መምህሩ ክራቫቱን አስተካከለ። «እኔ ስለዚያ ክምር የማውቀው ነገር የለም። ለእኔ ቆሻሻ ነው። ትላንት ደግሞ ከምሳ በኋላ ትምህርት ቢሮ ነበርኩ፤ ወደ ግቢው አልተመለስኩም።»

ተራው የአትክልተኛዋ ሆነ። 

«ልትገለብጪው ስትሞክሪ ምን ተሰማሽ፣ እህቴ?»

«እንቢ አለኝ። እንደ ግንድ ደርቋል። ክንዱ እንኳ አልታጠፍ አለ።»

«ይሞቃል?»

«አዎ፣ ይሞቃል።»

መርማሪዋ መጻፏን አቆመች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ሰደደችና እሳት እንደነካው ሰው መንጭቃ አወጣችው። መዳፏን ለአፍታ አይታ አራገፈችው።

«ይህን ክምር ማን አገላበጠው?»

 ያገላበጠችው ራሷ አትክልተኛዋ ናት። ይህን መናገር ደግሞ መታነቂያ ገመድዋን ራሷ መግመድ መሰላት። «እኔ... አላውቅም» አለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ርእሰ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ዘበኛውና አትክልተኛዋ አራቱም ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ የሟቹ የእጅ ጽሑፍ ካለበት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመች።

«ነርሷ አልዋሸችም፤ አስከሬኑ ይሞቃል። ግን ደርቋል። አሁን የሞተ ሰው ይሞቃል እንጂ አይደርቅም፤ ለመድረቅ ሰዓታት ይወስዳል። ያደረ ሬሳ ደግሞ ይደርቃል እንጂ አይሞቅም። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመች።

«ክምሩ። ቅጠሉን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እንደኛው ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ፤ ሲተነፍሱም ሙቀት ይለቃሉ። ምግብ፣ ውሃና አየር ከተሟላላቸው ክምሩን ምድጃ ያደርጉታል። መምህሩ ጧትና ማታ ሙቀቱን ይለካ ነበር። ትላንት ማታም ሊለካ መጥቶ ተገደለ፤ ክምሩ ሲያሞቀው አደረ።» ሰሌዳውን በጣቷ መታች። «ሰኞ ማታ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ። ማክሰኞ ጧት ሠላሳ ስድስት። ዛሬ ረቡዕ እኔ ስለካው ስልሳ ሦስት። እየቀዘቀዘ የነበረ ክምር ያለ ሰው እጅ እንዲህ አይግልም። ያጋለው ሰው ሟቹ ዛሬ ጧት የሞተ እንዲመስል ፈልጎ ነው። ትላንት ማን አገላበጠው?»

 አትክልተኛዋ ዝም ብትል ገዳዩ ነገም አለቃዋ ነው። ብትናገር ነገ ልጇን የምታያት በፍርግርግ በኩል ሊሆን ይችላል።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ዋሽቻለሁ፣ ፈርቼ ነው። ትላንት ከሰዓት በኋላ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ያዘዙኝ ግን ርእሰ መምህሩ ናቸው።»

ርእሰ መምህሩ ሳቀ። «ሰማችሁ? ራሷ አመነች! አሁን ደግሞ በእኔ ልታላክክ ነው። ያን ሁሉ እርጥብ ሣር አጭዳ እዚያ ውስጥ ስትቀብር እኔ የት ነበርኩ?»

«የምን እርጥብ ሣር?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«እሷ ያለችው ‹አገላበጥኩ› ብቻ ነው። ሣሩ ከላይ አይታይም፤ እኔም ያገኘሁት ክንዴን ስከት ነው። ስለ ክምሩ የማያውቁት፣ ከምሳ በኋላም ያልነበሩት ሰው ከየት አወቁት?»

«ቆይ፣ ትላንት ማታ ከሆነማ» አለች ነርሷ ድንገት ተነስታ፣ «እሷ እኔ ቤት ነበረች! ልጇ ስታስመልስ አብረን ነው ያመሸነው!»

«የግቢው የኋላ በር ቁልፍ ደግሞ አንድ ነው» አለ ዘበኛው። «እሱም ከእሳቸው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ቀድሞ የጠየቀኝ የለም፤ ሁላችሁም ‹ጧት፣ ጧት› አላችሁ።»

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ ያወጣችውን ትንሽ ደብተር ገልጣ አነበበች። «‹አጥሩ ሥር በርሜሎቹ ከተቀበሩበት ሃያ እርምጃ፤ ትል የለም። ሠላሳ እርምጃ፤ ትሎቹ ሞተዋል። ለርእሰ መምህሩ ነገርኩት። ሐሙስ ለጤና ቢሮ አስታውቃለሁ።›»

ርእሰ መምህሩ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ነው» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ያመጡት ሰዎች ሰው አይጎዳም ብለውኝ ነው እንዲቀብሩት የፈቀድኩት። ያ ሰውዬ እንቢ አለኝ... ዝም በል ብዬ ለመንኩት።»

አትክልተኛዋ አሁን የምትሰማው እሱን አልነበረም። ሠላሳ እርምጃ። ያን አጥር ሥር በየቀኑ ትረግጠዋለች። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ፤ አርባኛው ላይ ልጆቹ የሚጠጡበት የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ አለ። ልጇ ትላንት ያስመለሳት ከትምህርት ቤት እንደመጣች ነው።

የዕረፍቱ ደወል ተደወለ።

የክፍሎቹ በሮች ተከፈቱ። ጧት ሙሉ ተዘግቶባቸው የቆዩት ልጆች በአንድ ጊዜ ፈሰሱ፤ የተጠሙት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሮጡ። አትክልተኛዋ ርእሰ መምህሩን ገፍታ ወጣች። ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወለቀ፤ አልተመለሰችለትም። ፓምፑ ጋ ስትደርስ ሁለት ልጆች እጀታው ላይ ተንጠልጥለው ውሃው ይንዶለዶላል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ኩባያዋን ከንፈሯ ላይ አድርሳለች።

«እንዳትጠጡ!»

ኩባያውን ከልጅቷ እጅ መትታ አበረረችው። ውሃው ደረቁ መሬት ላይ ፈሰሰ። እሷም ፓምፑን በሁለት ክንዶቿ አቅፋ፣ የተጠሙት ልጆች ፊት ቆመች።