የመመለሻው ቋጠሮ

ወለተሰንበት በማግስቱ ለመንገድ ልትነሣ ተሰናድታ፣ የቋጠረችው ገንዘብ ከወገቧ ሳይፈታ፣ አርብ ጧት ሞታ ተገኘች። በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ልትሄድ ነበር። በዕድሜዋ ባሕር አይታ አታውቅም። ምን ይደረጋል፣ ሳታይ ቀረች።

ጣልያን አዲስ አበባ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ ያለውን ግቢዋን ለቀስተኛ ሳይሞላው ወሬ ሞላው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳት ውሎ ሌሊት አለፈች፤ መርዝ ነው ተባለ። ፀሐይ ሳትበረታ ደግሞ ገዳዩ ታወቀ ተባለ፤ ጎረቤቷ ሰላሃዲን። ከቤቱ፣ ከሟች ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር ወጥቷልና። ወሬ መቼ እግር ያጥረዋል፣ ነገሩ የጣልያን ፖሊሶች፣ ካራቢኜሪዎች ዘንድ ደረሰ፤ ከሰዓት በኋላ መጥተን እንወስደዋለን ብለው ላኩ።

የሰላሃዲን ሚስት መርየም ጫማዋን ሳታደርግ አብነት ድረስ ሮጣ የዓባይነህን በር አንኳኳች። ዓባይነህ ከጣልያን በፊት የአራዳ ዘበኛ መርማሪ ነበር። ጣልያኖች ና ሥራ ቢሉት ዓይኔ ደክሟል ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ዓይኑ እንኳን ሊደክም፣ የሰፈሩ ሰው ዕቃ ሲጠፋው ዛሬም የሚጠራው እሱኑ ነው። ፈልጎ ያጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ በየካቲት እልቂት ከቤቱ ወጥቶ የቀረውን ሀብተሥላሴን፣ የወለተሰንበትን ልጅ። በየጉድጓዱ፣ በየወንዙ ዳር ፈለገ፤ አስከሬኑን ሊያመጣላት አልቻለም። ወለተሰንበት ወደ ኢየሩሳሌም የምትሄደውም መቃብር ለሌለው ልጇ እዚያ ፍትሐት ልታስደርግለት ነበር።

«ጋሼ፣ ካራቢኜሪ የወሰደው ሰው ሲመለስ አይተው ያውቃሉ?» አለችው መርየም።

አላየም። ነጠላውን አጣፍቶ ተከተላት።

ከግቢው በር ላይ ገረሱ ገጠመው። ገረሱ የሟች ባል ወንድም ነው፤ ለጣልያን ያስተረጉማል፤ ሰፈሩም ፊት ለፊት እያጎነበሰለት ከኋላው ያማዋል። ነገሩ አልቋል፣ እርስዎ ባይደክሙ ይሻላል አለው።

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አለ ዓባይነህ። «ለዚህም ፈቃድ ይጠየቃል?»

ገረሱ መንገድ ለቀቀለት። ሰላሃዲን ገንዘቧን ሰርቆ እንዳይታወቅበት በመርዝ ገደላት፣ ይኸው ነው ነገሩ እያለ ተከተለው። ዓባይነህ ቋጠሮውን እስቲ ልየው አለ። የሰላሃዲንን ቤት ፈትሾ ያገኘው ገረሱ ነበርና ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ ዓባይነህም ማሰሪያውን አገላብጦ አየ። ሳይፈታ መለሰለት።

ሬሳዋ ገና አልተገነዘም። በመቀነቷ ላይ ከነጠላ ጫፍ የተቀደዱ ትንንሽ ቋጠሮዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በነጭ ጥጥ ፈትል የታሰሩ። ከመደቡ ሥር ዋንጫ ወድቋል፤ ከታቹ ቀላ ያለ አተላ ረግቷል። አነሣና አሸተተ፣ ኮሶ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ኮሶ ጠጥቶ ሆዱን ማጽዳቱ ያለ ነው፤ መርከብ ላይ ትሉ ተነሥቶበት ከሚዋረድ። ልጇ የሻረግ ከእግርጌ ተቀምጣለች። ያለ ወንድም፣ አሁን ደግሞ ያለ እናት የቀረች ልጅ ናት፤ ሆኖም ሌላው ሁሉ ሲያለቅስ የእሷ ዓይን ደረቅ ነበር።

ዓባይነህ አስቀድሞ ወደ ሰላሃዲን ሄደ። ሰላሃዲን በገረሱ ሁለት ዘበኞች መካከል መሬት ላይ ተቀምጧል። በወጣትነቱ የመርከብ እሳት አንዳጅ ሆኖ በባሕር ሲመላለስ የኖረ ወሎዬ ነው፤ አሁን ሰንጋ ተራ ከብት ይነግዳል። ወለተሰንበት መንገዱን ስታስብ መጀመሪያ ምክር የጠየቀችው እሱን ነው። ለመርከብ አዲስ የሆነ ሰው ገንዘቡ የሚያልቅበት በትኬት አይደለም፣ በጉርሻ ነው ብሎ ነገራት። ተሸካሚው ዕቃዎን መርከቡ ላይ ሳያወጣ እንዳይከፍሉት። መኝታ ለሚያነጥፍልዎ ግማሹን ሲሳፈሩ፣ ግማሹን ሲወርዱ ይስጡት፤ ሁሉንም አስቀድመው ከሰጡት ፊቱን ዳግመኛ አያዩትም። ውኃ ለሚያመጣልዎ አይሰስቱ፤ ባሕር ላይ ውኃ ሞልቶ የሚጠጣው በሰው እጅ ነው። ወደብ ላይ ሳንቲም ወርውሩልን እያሉ የሚዋኙ ልጆች አሉ፣ ያሳዝኑዎታል፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይለፏቸው። እሷም የእያንዳንዱን ድርሻ እየለየች ቋጠረች። ያቺ ለጠየቃት ሁሉ የምትዘረጋ ሴት፣ መስጠትን በልክ ተማረች።

«ቤትህ የተገኘውስ?» አለው ዓባይነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰላሃዲን ወደ ዘበኞቹ ተመለከተ። «ለሰው አልተናገርኩም ጋሼ፣ አደራ ነው። የመመለሻቸው ገንዘብ ነው። ‹ይዤው ከሄድኩ ለድሃ በትኜው እዚያው እቀራለሁ፣ እጄን አውቀዋለሁ› አሉኝ። ደግሞም ጠገራ ብር ማሻገር ጣልያን ከልክሏል፤ ባቡር ላይ ይፈትሻሉ። የባቡር ሠራተኛ ወዳጄ ደብቆ ጅቡቲ ላለው ወንድሜ ሊያደርስ፣ እሱም የመመለሻውን ትኬት ሊቆርጥላቸው ነበር።»

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ‹ያላወቀች ልጅ ተገርፋም የምትናገረው የላትም› አሉ።»

ዓባይነህ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ገረሱ ተመልሶ፣ ወለተሰንበት ስትሄድ ቤቱን ማን ሊጠብቅ እንደነበር ጠየቀው። ለእኔ አደራ ልትሰጠኝ ነበር፣ ኪራዩንም እንድበላ ተስማምተን ነበር አለ ገረሱ። አሁንስ ለማን ይሆናል? ለልጇ ነዋ አለ ቆጣ ብሎ። እንግዲህ ገረሱ የቱንም ያህል ቢታማ፣ ወለተሰንበት ብትሄድለት እንጂ ብትሞት ምንም አያገኝም።

የሻረግን ከሬሳው አጠገብ አስነሥቶ ወደ ጓዳው በር ወሰዳት። ኮሶውን ማን አዘጋጀው አላት። እናቴ ራሷ ወቅጣ ራሷ ጠጣች፤ እኔ ስንቅ ሳዘጋጅ ነበር አለችው።

«ከገንዘቧ የጠፋ አለ?»

«ምኗ ይጠፋል? ሁሉም ወገቧ ላይ ነው። የመመለሻ እንኳ አልቋጠረችም» አለች የሻረግ። ቀጥላም፣ «ሰላሃዲን አይሰርቅም። ለውለታው ሰጥታው ይሆናል። ይልቀቁት» አለች።

ዓባይነህ ወደ ጓዳው ገባ። የኮሶው ሙቀጫ ጥግ ላይ አለ፤ ውስጡ ቀይ ብናኝ ይታያል። አገልግሉን ከፈተ፣ ባዶ ነው። የስንቁን ስልቻ ጨመቀው፣ አየር ብቻ ወጣው። የተቆላ ገብስ ሰፌድ ላይ እንደተሰጣ ቀዝቅዟል። የእህሉ ወፍጮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል። ዓባይነህ ተንበርክኮ ከድንጋዩ ጉድጓዶች ውስጥ በጥፍሩ ትንሽ አወጣና በምላሱ ነካው። መራራ ነው። አንዳንድ ነገር ባይገኝ ይሻላል፣ ዓይን ግን አንዴ ካየ መለስ አይልም።

ካራቢኜሪዎቹ ሳይደርሱ ለቀስተኛውን አስወጥቶ ነገሩ የሚመለከታቸውን ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። የገረሱን ዘበኞች ከበር ውጭ እንዲቆሙ አደረገ። ሰላሃዲን፣ መርየም፣ ገረሱና የሻረግ በተርታ ተቀመጡ። እሱ አልተቀመጠም።

«ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል» አለ። «እንግዳ አይገባበትም፣ ከጎረቤት ምግብ አይቀምስም። ስለዚህ ወለተሰንበትን የገደላት ከዋንጫዋ እንጂ ከሌላ አልመጣም። አተላውን አይቻለሁ፣ ከኮሶ በቀር ሌላ የለበትም። ግን ኮሶ ሲበዛ ይገድላል።»

«ይኸው፤ ራሷ አብዝታ ነዋ» አለ ገረሱ።

«እሷ የወቀጠችው በሙቀጫው ነው፤ ዕድሜ ልኳን ልኩን ታውቃለች። ሌላ ኮሶ ደግሞ በእህሉ ወፍጮ ተፈጭቷል። በእህል ወፍጮ ኮሶ የሚፈጭ ባለቤት የለም፣ ዱቄቱ ሁሉ ይመራል። የፈጨው ሰው ቸኩሏል፣ ተደብቋልም። ወንድ ደግሞ ወፍጮ ሥር አይቀመጥም፤ አንተም ሰላሃዲንም ብትሞክሩት እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያችሁ ነበር።»

መርየም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓባይነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ገብሱ ተቆልቷል፣ በሶ ግን አልተፈጨም። ነገ የምትሄድ እናት አገልግሏ ባዶ ነው። በአገራችን ድሃም ቢሆን ያለ ስንቅ አይነሣም። ስንቁን እንድታዘጋጅ የታዘዘችው ሰው፣ መንገዱ እንደማይኖር አስቀድማ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ታዲያ የተደረገው ለገንዘብ አይደለም። ሁላችን ስለ ገንዘብ ስንጨቃጨቅ፣ እናቷ የመመለሻ እንዳልቋጠረች የነገረችኝ የሻረግ ብቻ ናት። ከወገቧ የማትለየውን መቀነት ማን አሳያት?»

የሻረግ ቀና አላለችም።

«ተኝታ ሳለ ዳሰስኩት» አለች። «የተሸካሚ፣ የአልጋ፣ የውኃ፣ የጧፍ። ሁሉም ለመሄድ ነው። ሀብተሥላሴን ብላ እዚያው ልትሞት ነው፣ እኔን ረሳችኝ አልኩ። ዋንጫዋ ላይ የጨመርኩት ባቡሩ እስኪያልፋት እንድትደክም ብቻ ነበር ጋሼ። ሲብስባት ውኃ አጠጣኋት፣ እግሯን አሸሁላት፣ ያልፍልሻል አልኳት። እሷ ደግሞ እኔን ታጽናናኛለች፣ ነገ እነሣለሁ አይዞሽ ትለኛለች።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ተረት አፉ ላይ ሊያመጣው የደፈረ አልነበረም። ዓባይነህ እዚህ ላይ ቢያበቃ በወደደ፤ ሰላሃዲን ግን ሌባ ተብሎ ተቀምጧል፣ ወለተሰንበትም ልጇን የረሳች እናት ሆና መቀበር የለባትም። ቋጠሮውን ከገረሱ ተቀብሎ የሻረግ ጭን ላይ አኖረው።

«ይህ የመመለሻዋ ነው። ፍተሻ ፈርታ ለሰላሃዲን አደራ የሰጠችው። ሌሎቹ ሁሉ በፈትል ታስረዋል፣ ይሄ ግን በምን እንደታሰረ እዪው። የተሰረቀ ገንዘብ እንዲህ አይታሰርም።»

የታሰረው በደበዘዘ ሰማያዊ ማተብ ነው፤ አንድ ጫፉ በጧፍ ተለብልቦ ጠቁሯል። የየሻረግ የክርስትና ማተብ። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እያወጣች ታሳያት ነበር፤ ያን ቀን ጧፉ ላይ እጅሽን ስትዘረጊ እኮ ነው እያለች ትስቅ ነበር። የሻረግ የጠቆረውን ጫፍ በጣቷ ያዘች። አላለቀሰችም። ልንገራቸው፣ ይውሰዱኝ ብላ ልትነሣ ስትል ዓባይነህ ትከሻዋን ያዛት።

«ዳኛ ቢኖረን ዳኛ ዘንድ እኔው እወስድሽ ነበር» አለ። «ያለው ግን ገመድ ነው። ወንድምሽን ከበሉት ሰዎች ፍርድ አንጠይቅም።» ከዚያ ወደ ገረሱ ዞረ። «አሁን ምን ትላቸዋለህ?»

ገረሱ እንባውን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ኮሶ በዝቶባት ሞተች እላለሁ። ውሸት ነው? ገንዘቡም የቤተ ሰብ ነው፣ ተሳስቻለሁ እላለሁ» አለ። በሩን ከፍቶ ካራቢኜሪዎቹን ሊቀበል ብቻውን ወጣ። እነሱም ለአንዲት አሮጊት ሞት ብዙ አልደከሙም፤ ገረሱን ሰድበውት ተመለሱ። በማታው ወለተሰንበት ልደታ ተቀበረች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ የሻረግ የእናቷን መንገድ ልትሄድ ተነሣች፤ የሀብተሥላሴ ስም ለፍትሐት ኢየሩሳሌም ገና አልደረሰምና። የይለፍ ወረቀቱን ገረሱ ደጅ ጠንቶ አወጣላት። ሰላሃዲን የጉርሻውን ምክር አንድም ሳይዘል ደገመላት፤ ስለሚዋኙት ልጆች ሲደርስ ድምፁ ተሰበረና መርየም ጨረሰችለት። ስንቁን ሰፈሩ አዘጋጀው። ብቻውን የሚኖረው ዓባይነህም ራሱ የቆላውን ገብስ አስፈጭቶ በሶ ይዞ ለገሃር መጣ፤ ግማሹ አርሮበታል፣ ተቀበለችው።

ባቡሩ ሊነሣ ሲል የሻረግ ሰላሃዲንን ጠጋ አለችው።

«የመመለሻውን ለድሃ ይስጡልኝ» አለች። «እኔ አልመለስም። ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

«አደራው የአንቺ አይደለም፣ የእሳቸው ነው» አለ ሰላሃዲን። «ቋጠሮው ጅቡቲ ወርዷል። ትኬቱን ወንድሜ ከራሱ ቆርጦ ይጠብቅሻል። ቋጠሮውን ግን እንደታሰረ ነው ያስቀመጠው። ከአንቺ በቀር የሚፈታው የለም፤ ስትመለሺ ፈትተሽ የትኬቱን ትከፍዪዋለሽ።»

የሻረግ እጇን ማተብ ወደሚታሰርበት አንገቷ ሰደደች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ገና አለቀሰች፤ ባቡሩ እስኪነሣ ድረስ መርየም ይዛት ቆየች።