ቫዮሊን የሞላት ዝምታ

የምትወዱት ሰው ለእናንተ የጻፈውን ዘፈን፣ እናንተን አውጥቶ ሲዘፍነው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ «ተይው፣ ይለፍ» እያላችሁ አትምከሩኝ።

ኦፓል እባላለሁ፤ የነዳጅ ከተማዋ የቤከርስፊልድ ልጅ ነኝ። ስቲል ጊታር እጫወታለሁ፤ ተቀምጠው ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚያስለቅሱትን። ከዘፋኙ ከኮይ ጋር የተዋወቅነው ነዳጅ ቆፋሪዎች በሚጨፍሩበት አዳራሽ ነው። የእሱ ባንድ ስቲል ጊታር ተጫዋች ታሞ እኔ ተተካሁ። በመጀመሪያው ዘፈን መሃል ክሬ ተበጠሰ። ኮይ ጥሎኝ አልቀጠለም። መዝፈኑን አቁሞ፣ ዞሮ እያየኝ፣ ክሩን እስክቀይር ጠበቀኝ። ጨፋሪዎቹም እንደተቃቀፉ ቆሙ።

«ቀስ በይ እመቤት፤ የትም አንሄድም» አለኝ።

በኋላ በጻፈልኝ ዘፈን ውስጥ ያቺን ዝምታ አስገባት። «ትመልሺልኛለሽ ወይ?» ይልና ይቆማል፤ ዞሮ ያየኛል። ሆን ብዬ አቆየዋለሁ። ከዚያ ጊታሬ ይመልስለታል። የከተማችን ሰው እዚያች ቦታ ላይ ትንፋሹን መያዝ ለምዶ ነበር።

ከዚያ ራድኒክ የሚባል ፕሮዲዩሰር ከሎስ አንጀለስ መጣ።

«ሬዲዮ አይጠብቅም» አለ። «ዝም ካልን ሰው ጣቢያ ይቀይራል። ክፍተቷን በቫዮሊን እንሞላታለን። ስቲል ጊታሩ ደግሞ ገጠር ገጠር ይላል።»

«ታዲያ ምን ምን እንድንል ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?» አልኩት።

ኮይ መሬት መሬት ያያል።

«ኦፒዬ፣ አንድ አልበም ብቻ» አለኝ መኪና ውስጥ። «ስማችን ይታወቅና ወደ ድሯችን እንመለሳለን።»

«የሚታወቀው እኮ ራድኒክ የሚሠራው ሰውዬ ነው። አንተን ማን ሊያውቅህ?»

«ፍቅራችንን ከጊታር ጋር አታያይዢው።»

«ያያያዝከው አንተ!»

ወርጄ በሩን ዘጋሁት።

ዘፈኑ ያለ እኔ ወጣ፤ በየሱቁ፣ በየመኪናው ተሰማ። የዘፈኑን ማማር አልጠላም። የሚያስቆጣኝ፣ እንዲያምር እኔ መፋቅ አለብኝ ሲሉኝ ነው።

በበጋው የአውራጃ ትርዒት ላይ እጄን አጣምሬ ከመድረኩ ሥር ቆምኩ። ኮይ ነጭ ልብስ ለብሶ ነበር። «ትመልሺልኛለሽ ወይ?» አለ፤ ኪቦርዱ የቫዮሊን ድምፅ ማፍሰስ ሲጀምር ግን ለማስቆም እጁን አነሳ።

ባንዱ ቆመ። ኮይ እንደ ልማዱ ወደ ቦታዬ ዞረ። ባዶ ነው። ጨፋሪዎቹ እንደተቃቀፉ ቀሩ። ራድኒክ ከመድረኩ ጥግ «ቀጥል!» እያለ እጁን ያወናጭፋል።

«ኧረ ኦፓል እዚህ ናት!» አለ አንድ ባለ ባርኔጣ።

ኮይ አየኝ። ማይክራፎኑን በመዳፉ ሸፍኖ ጎንበስ አለ። «ኦፒዬ፣ ወደ ቦታሽ ነይ» አለ በሹክሹክታ።

ልቤ ሊሄድ ተነሳ፤ እግሬን ግን ከለከልኩት።

«በሹክሹክታ አይሆንም! ስታወጣኝ አገር ሰምቷል፤ ስትጠራኝም አገር ይስማ። እጅህን ከማይክራፎኑ አንሳና ለዚህ ሁሉ ሰው ንገር፤ ማንን ነው የምትጠብቀው? መልስ!»