ለተጎዳ ሥር የሚሆን አፈር

የካናቢስ አብቃዮች ማኅበር ዋና አትክልተኛ ኦኖ ሬንትስ ሞቶ የተገኘው አፈር በሚደባለቅበት ክፍል ውስጥ ነው። በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እግሩ ከአፈር ሳጥኑ ሥር ገብቶ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከራሱ አጠገብ የአንድ የአበባ ሸክላ ስብርባሪ ተከምሯል። ከበላዩ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንዲት ትልቅ የካናቢስ ተክል በሌላ ሸክላ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ምንም ያላየች ትመስላለች።

የወንጀል መርማሪዋ ኮሚሳር ሂልከ ቦርቸርስ ስትደርስ ዝናቡ የማኅበሩን የመስታወት ቤት እየደበደበው ነበር። የመንደሩ ፖሊስ ማይንት በሩ ላይ ጠበቃት።

«ሞይን» አላት በአገሩ ሰላምታ።

«ሞይን። ምን አለን?»

«ያለቀ ነገር ነው። ሽማግሌው ተክሏን ወደ አዲስ ሸክላ ሲያዛውር ተመቶ ወደቀ። አገኘሁት ያለው እዚህ የሚሠራው ቲያርክ ነው፤ እጅጌው ደም ነክቷል። ትናንት አመሻሹ ላይ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ መንገድ ድረስ ተሰምቷል። በዚያ ላይ ልጁ በአመክሮ የወጣ ነው። ሕጉ ሳይፈቅድ በፊት ምድር ቤቱ ውስጥ ካናቢስ ሲያበቅል ተይዞ ገብቶ ነበር። መኪና ውስጥ ላስገባው?»

«ምን አስቸኮለህ? ሻይ ያፍላ፤ አነጋግረዋለሁ።»

ሂልከ ተንበርክካ የሟቹን እጆች አየች። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ሳሙና ይሸታል። ተነሥታ በተክሏ ሸክላ ውስጥ ያለውን አፈር በጣቷ ነካች። እርጥብ ነው። ከሥሩ ባለው ሳህን ላይም ውሃ ተጠራቅሟል። ግንዱ ዙሪያ አፈሩ በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ተጠቅጥቋል፤ የጣቱ ምልክት ሳይቀር ይታያል፤ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ብርድ ልብሱን እንደሚያስተካክለው።

«ዛሬ ይህችን ተክል የነካት አለ?»

«ማንም አልነካትም። ጠዋት ስደርስ እንዲሁ ነበረች።»

«የሸክላውን ስብርባሪ አንድም ሳታስቀር ልቀምልኝ።»

«ስብርባሪ ምን ያደርግልሻል?»

«ስትለቅመው ታያለህ።»

ቲያርክ በማኅበሩ ማድ ቤት ውስጥ ሻዩን አፍልቶ፣ ራሱ ግን ሳይጠጣ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቆቡን በሁለት እጁ ይጨምቃል።

«እርስዎ ነዎት ያገኟቸው?» አለችው ሂልከ።

ቀና ብሎ አያት። ማይንት ከጠዋት ጀምሮ አንተ ሲለው ነበር።

«አዎ። ላነሳው ሞከርኩ። ደሙ የዚያ ነው። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ።»

«የትናንቱ ጭቅጭቅስ?»

«በማዳበሪያ ነው። እኔ በጠርሙስ የሚመጣውን ፈሳሽ ነው የማምነው፤ ተክሉ የሚፈልገውን ለክተህ ታጠጣዋለህ፣ አለቀ። ኦኖ ደግሞ ፍግና ብስባሽ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ጠርሙሶቼን ወስዶ ቦይ ውስጥ ደፋቸው። ‹ይሄ የሆስፒታል ምግብ ነው› አለኝ። ‹አንተ ሽማግሌ የላም ቂጥ› አልኩት።» ፊቱ ተጨማደደ። «የመጨረሻ ቃሌ እሷ ሆነች።»

«የእርስዎ ተክሎች በሸክላ ውስጥ ናቸው?»

«ሸክላ? እኔ በጨርቅ ከረጢት ነው የምተክለው፣ በኮኮናት ቃጫ። ውሃው በራሱ ይወርዳል፣ ሥሩ ይተነፍሳል። ሸክላ የሽማግሌዎች ነገር ነው።»

«ሥሩ የተጎዳ ተክል ቢያጋጥምዎትስ?»

«ያው ቃጫ ውስጥ፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር። ማዳበሪያ ቢነካው ያቃጥለዋል። ቁስል ላይ ጨው እንደመነስነስ ነው።» ድምፁ ተለወጠ። «ኮሚሳር፣ ቅዳሜ የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች ልጄን ሊመልሱልኝ ነው። ፌንና ትባላለች። ሥራ ስላለኝ፣ ከችግር ስለራቅኩ ነው የሚሰጡኝ። ዛሬ ከወሰዳችሁኝ ግን፣ ነገ ብትለቁኝ እንኳ አይሰጡኝም።»

ሂልከ ሻዩን ገፋ አድርጋለት ተነሣች። ልትዋሽለት አልፈለገችም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፍሬርክ ቀድሞ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ጫማው ላይ የአፈር ምልክት የለም። ቢሮው ውስጥ ቆሞ ነው ያነጋገራት።

«ኦኖ ትናንት ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ቅጠሉን ለምርመራ ልኮ ውጤቱ መጣለት። ውስጡ ብረት አለ አለኝ፤ ካድሚየም የሚሉት መርዝ። ይህ ተክል ከአፈር ያገኘውን ሁሉ ወደ ላይ ይስባል አሉት። ‹ሁሉንም አቃጥላለሁ፣ ቡቃያ የምንቆርጥባትን ትልቋን እናት ተክል ጭምር› ብሎ ዘጋብኝ።»

«መርዙ ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አፈሩ የሚመጣው ከእህቱ ከጌዚነ ማሳ ነው። ከወንዙ የተጠረገ ደለል ማሳዋ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከብስባሽ ጋር ታዋህደዋለች። ሁላችንም ወርቅ ነው ስንል ነበር።»

«ሰብሉ ቢቃጠል ምን ያጣሉ?»

«ማኅበሩን ነዋ! አርባ ሰው ይጠብቀናል። ጀርባቸውን የሚያማቸው፣ እንቅልፍ ያጡ አሉ። ግን ለቅጠል ብዬ ሰው አልገድልም፤ ምን መሰልኩዎት?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በአፈር ክፍሉ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ ፍግና የቀንድ ዱቄት የገባበት ጠንካራ አፈር ነው፤ ሌላው ለቡቃያ የሚሆን፣ አሸዋ ያለበት ቀላል አፈር። ሥሯ የተጎዳ ተክል ቢሰጥዎት የትኛው ውስጥ ይከቷታል?»

ፍሬርክ ግራ ገባው። «ጠንካራው ውስጥ ነዋ። የታመመ ሰው ሾርባ አይደል የሚሰጠው?»

«ይበቃኛል፤ አመሰግናለሁ።»

«ይሄ ነው ምርመራ?» አለ ከኋላዋ።

የጌዚነ ሬንትስ መስታወት ቤት ከማኅበሩ አጥር ቀጥሎ ነው። ከወንድሟ በዕድሜ የምታንስ፣ ቀጭን፣ ትከሻዋ የጎበጠ ሴት ነች። ሂልከ ስትገባ አበቦቿን እያዛወረች ነበር፤ እጇ ሥራ ሳይፈታ ነው የምታለቅሰው።

«አጠገቤ ሰው ካለ ነው የምቀመጠው» አለች። «ብቻዬን ከሆንኩ እጄ አያርፍም።»

«ይሥሩ፣ ይሥሩ። ትናንት ወንድምዎን አይተውታል?»

«ጠዋት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«ሰብሉን ሊያቃጥል እንደነበር ነግሮዎታል?»

«ለእኔ? ምንም።» ባዶ ሸክላ አነሣች፤ ከታች ያለውን ቀዳዳ በአንድ ጎባጣ ገል ሸፈነች፤ ከዚያ አፈሩን ዘገን አድርጋ ጨመረች።

«ገሉ ለምንድን ነው?»

«ገል ከሌለበት ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። አባታችን እንዲህ አስተማረን። ኦኖ ትቶታል፣ ጠጠር ነው የሚጨምረው፤ ቲያርክም ይስቅብኛል። ምስኪን ልጅ። እውነት እሱ ነው?»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

ጌዚነ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠቀጠቀችው። «ቁጡ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኦኖ ሥራ ባይሰጠው ማን ይሰጠው ነበር?»

ሂልከ ወደ ማድ ቤቱ ተመልሳ ማይንት የለቀመውን ስብርባሪ በሻይ ትሪ ላይ ዘረገፈችና እንደ ልጆች ጨዋታ መገጣጠም ጀመረች። ጠርዙ ገጠመ፣ ቂጡ ገጠመ። ሆዱ ላይ ግን መዳፍ የምታክል ክፍተት ቀረች።

«አንድ ቁራጭ ረስተሃል።»

«ወለሉን በእጄ ዳስሻለሁ! ከሳጥኖቹ ሥር ሳይቀር።»

«እንግዲያስ ወለሉ ላይ አይደለም። ሁሉንም ጥራልኝ።»

አፈር የሚደባለቅበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነሥቷል። ፍሬርክ ግድግዳው ዘንድ ቆመ፤ ጌዚነ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ ቲያርክ ከማይንት አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ተክሏ ጠረጴዛው ላይ ነች።

«ሁላችሁም ኦኖ ይህችን ተክል ሲያዛውር ሞተ ብላችኋል» አለች ሂልከ። «ጥፍሩ ግን ንጹሕ ነው። እጁን በሳሙና ታጥቦ ወደ ቤቱ ሊሄድ የነበረ ሰው ነው። እና ማን አዛወራት?»

«እሱ ካልሆነ ገዳዩ ነዋ» አለ ማይንት። «ግን የሰው ነፍስ አጥፍቶ አበባ የሚተክል የትኛው እብድ ነው?»

«እብድ አይደለም፤ የሚወዳት ሰው ነው። የተሰበረው ሸክላ የእሷ ነበር፤ ሥሯ ወጥቶ መሬት ላይ ወድቃ ነበር። ሌላው ሰው ረግጧት ይሮጥ ነበር። ይህ ሰው አልቻለም። አሁን አፈሩን እዩ። ከቀላሉ ሳጥን ነው የመጣው፤ ማዳበሪያ የለበትም። የተጎዳ ሥር ጠንካራ አፈር እንደሚያቃጥለው ያወቀ ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ አያውቁም፤ ሾርባ ያጠጧት ነበር።»

ፍሬርክ ይቀየም ወይስ ደስ ይበለው አላወቀም።

«ታዲያ እኔ ቀረሁ» አለ ቲያርክ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እርስዎ ቢሆኑ በኮኮናት ቃጫ ይተክሏት ነበር። የቃጫዎ ጆንያ አፉ ተከፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ እጅ ለመስደድ ይቀርባል። ሰውየው ግን አልፎት ሄዶ አፈር ቀዳ። የደነገጠ ሰው የሚሠራው የለመደውን ነው።»

ከዚያ ሂልከ እጅጌዋን ሰበሰበችና የተክሏን ግንድ ይዛ ሸክላውን ዘቀዘቀችው።

«እንዲያ አይደለም!» ብላ ጮኸች ጌዚነ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ሥሯን ትበጥሺዋለሽ! ገና አልያዘችም እኮ!»

አፈሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። መጨረሻ ላይ፣ ቀዳዳውን ሸፍኖ የነበረው ጎባጣ ገል ወደቀ። ሂልከ አፈሩን አራገፈችለትና በትሪው ላይ ክፍተቷ ዘንድ አስቀመጠችው። ገጠመ። ጠርዙ ላይ ጥቁር ደም ደርቋል፤ አንዲት ሽበትም ተጣብቃበታለች።

«ይህ ገል መጀመሪያ የኦኖን ራስ መታ፤ ከዚያ ነው ከአፈሩ ሥር የገባው። ስለዚህ ተክሏ የተተከለችው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ ከሸክላ ሥር ገል የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። ወይዘሮ ሬንትስ፣ ስለ ማቃጠሉ ነግሮዎት ነበር፤ አይደል?»

ጌዚነ ቁጭ አለች። ለመካድ እንኳ አልሞከረችም።

«አፈርሽ መርዝ ነው አለኝ። ያን አፈር ስንት ዓመት እንዳበሰልኩት እሱ ያውቃል። ከሸክላዋ መዞ ወለሉ ላይ ወረወራት። ሸክላው በእጄ ቀረ... ምን እንደሆንኩ አላውቅም።»

«አክስት ጌዚነ» አለ ቲያርክ። የሥጋ አክስቱ አይደለችም፤ ከእስር ሲወጣ የመጀመሪያውን ትኩስ ምግብ ያበላችው እሷ ስለሆነች ነው እንዲያ የሚጠራት። «እኔን ሊወስዱኝ ነበር እኮ። ስለ ፌንና ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ጠዋት ሙሉ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ» አለች። ከዚያ ወደ ሂልከ ዞረች። «ወዲያው ነው የሞተው፤ አይደል? አልተሰቃየም?»

ሂልከ አስከሬኑን ያየው ሐኪም የነገራትን ታውቃለች። ቀኑን ሙሉ ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ስትመኝ ነበር።

«ወዲያው አልነበረም። ሐኪሙ ሲተነፍስ ቆይቷል ይላል። ሰው ቢጠራ ኖሮ ምናልባት...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ጌዚነ አፈር የነካ እጇን አየችው፤ ውሃ ስታጠጣ፣ አፈር ስትጠቀጥቅ የነበረውን እጅ፤ ከዚያ ከቀሚሷ ጋር ደጋግማ ትጠርገው ጀመር። ማይንት ክንዷን ይዞ ሲያወጣት እንኳ መጥረጓን አላቆመችም።

ፍሬርክ ኮቱን ቆልፎ ወደ ቢሮው ሄደ፤ ለአርባ ሰዎች መደወል አለበት። ሂልከና ቲያርክ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሁሉም ይቃጠላል አይደል?» አላት።

«መቃጠል አለበት።»

«እንግዲያስ ሥራ የለኝም። ሥራ ከሌለኝ...» ቆቡን ጨመቀ። «ፌንናን ይሰጡኛል ይመስልዎታል?»

ሂልከ ወደ መስታወቱ ዞረች፤ ዝናቡ አላባራም።

«አላውቅም» አለች። «ቅዳሜ መቼ ነው ቀጠሮው?»

«ጠዋት። ለምን?»

«እርስዎ ታሰሩ የሚል ወሬ ቀድሞ ይደርሳቸዋል። ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልግዎታል። እመጣለሁ።»

ቲያርክ ቆቡን ደፋና በሩን ከፈተላት።