ዝም ያለው ጣውላ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል የጨመርኩ እንደሆነ ምላሴ ከትናጋዬ ይጣበቅ። የቀነስኩት ካለ ግን ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ ከመጠን በላይ ትልቅ ስለነበር ሁሉም ወረቀት ላይ አልገባልኝም።

አናጺው በዚያ ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ መዶሻውን አንዴ ሲያሳርፍ የሦስት ሰፈር ወፍ የሚያስነሳ። ምስማር እሱን ካየ ሳይመታ በገዛ ፈቃዱ ይገባ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በአንዲት አጭር፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ ባሰረች የዳንስ አስተማሪ ፊት መዶሻ አያያዝ የጠፋበት።

አስተማሪዋ የሰፈሩን የወጣቶች ዳንስ ፕሮግራም የጀመረችው በሕዝብ አዳራሹ ኮሪደር፣ በአራት ልጃገረዶችና በአንድ ስልክ ሙዚቃ ነው። በሳምንቱ ዐሥር ሆኑ። በወሩ ወንዶቹ «ልናይ ብቻ ነው» እያሉ መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። በሁለተኛው ወር ግድግዳውን የሚደገፍ ጠፋ። ኮሪደሩ ሲጠብ ወደ ትልቁ አዳራሽ ገቡ፤ በዓመቱ አራት መቶ ደረሱ። አራት መቶው አንድ ላይ ሲዘሉ ማዶ ያለው ሰፈር ሰዓቱን ያስተካክል ነበር።

ችግሩ አጎቷ ነበሩ። የአዳራሹ ኮሚቴ ሊቀመንበር የእናቷ ወንድም ናቸው፤ ዳንስ ሲባል ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰው።

«የኔ ልጅ፣» አሏት አንድ ቀን፣ «አዳራሹ ለወንበር ማከማቻ ተፈልጓል። ወንበር ቢያንስ አይዘልም።»

«ጋሼ፣ ልጆቹን አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

«በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ አያለሁ። አንድ ልጅ እንኳ ቢስት ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። እህትሽ ያለችበት ከተማ ሄደሽ ሱቋን ትረጃታለሽ። እስከዚያው ግን ወለሉ ይጠገን፤ ሲጥ ሲጥ ሲል ደስ አይለኝም።»

አናጺው የተጠራው ለዚህ ነው። ሦስት ቀን በጉልበቱ እየዳኸ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ሲመታ፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሲለማመዱ፣ አስተማሪዋ በሆነ ባልሆነው ብቅ ትል ነበር። አንዴ ጠመኔ ረስታ፣ አንዴ ደግሞ የረሳችውን ረስታ።

«ምስማሩ እዚያ ጋ ነው፣» አለችው በጣቷ እያሳየች። «አሁን የመታኸው አውራ ጣትህን ነው።»

«አውቃለሁ። እንዲለምደው ብዬ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ በባዶው አዳራሽ ዘጠኝ ጊዜ አስተጋባ፤ አናጺው ቆጥሯል።

እሑድ ማታ ጥገናው አለቀ። ወለሉ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ አለ። ሰኞ ጠዋት መሣሪያውን ሊሰበስብ ሲመጣ ልጆቹ ገብተው ልምምድ ጀምረው ነበርና በሩ ላይ ቆሞ አየ። የፊተኞቹ ረድፎች ዞሩ፤ የኋለኞቹ ባሉበት ተገትረው ቀሩ። ደረት ከደረት ተላተመ። አጥንት የለውም እየተባለ የሚታማው «ጎማ» የሚሉት ልጅ ሦስት ሰው ላይ ወደቀ።

አስተማሪዋ ሙዚቃውን አጥፍታ በቀጥታ ወደ አናጺው መጣች።

«መስኮቱ ሥር ያለውን ጣውላ ምን አደረግከው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ጠገንኩት።»

«ፊተኞቹ ሲዞሩ ይጮህ ነበር። ኋለኞቹ ሙዚቃው በደንብ አይደርሳቸውም፤ የሚዞሩት በሱ ጩኸት ነው።» በረዥሙ ተነፈሰች። «ቅዳሜ አንድ ልጅ ከሳተ እህቴ ሱቅ መሄዴ ነው። እንዳንተ ያለ ጎበዝ አናጺ ለጠላቴ ይዘዝ።»

አናጺው ወለሉን አየ። ከዚያ እሷን። የእህቷ ሱቅ ያለበት ከተማ የስንት ቀን መንገድ እንደሆነ አያውቅም፤ ግን በዚያች ደቂቃ የዓመት መስሎ ታየው።

«እመልሰዋለሁ፣» አለ።

«ምኑን?»

«ጩኸቱን።»

ጣውላ ዝም ማሰኘት ማንም ያውቃል። ዝም ያለውን ማናገር ግን የሰሎሞንን ጥበብ ይጠይቃል፣ አናጺው ደግሞ ከሰሎሞን የሚያንሰው በጥቂት ነበር። በየቀኑ ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ምስማሩን በጉጠት ግማሽ ይነቅላል፣ እሷ ትረግጣለች። ዝም። ሌላውን ያላላል፣ ትረግጣለች። ዝም።

«አትከብጂም፣» አላት።

«ስድብ ነው ሙገሳ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጣውላው ነው ያለው።»

ስለዚህ አብሯት መርገጥ ነበረበት። አብሮ ለመርገጥ ደግሞ አዟዟሩን ማወቅ አለበት። እጁን ይዛ አስተማረችው። በመጀመሪያው ቀን እግሯን ረገጠ፤ በሁለተኛው ግድግዳውን፤ በሦስተኛው ቀን፣ በመስኮቱ የሚገባው የቀትር ፀሐይ ራሱ ቦታ ለቀቀለት ማለት ይቻላል። ሐሙስ ዕለት አብረው ሲዞሩ ከእግራቸው ሥር ድምፅ ወጣ። ሲጥ።

ሁለቱም ቆሙ።

«ጮኸ፣» አለች።

«ሰማሁ።»

«እና እጄን የማትለቀው ለምንድነው?»

«አንዴ መጮሁ አያስተማምንም።»

ሰባ ጊዜ ሞከሩት። ሰባ አንድ ነው የሚሉም አሉ።

ዓርብ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የነገው ነገር በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጧል።

«ቢበላሽስ?» አላት። «ትሄጃለሽ?»

«ምን አማራጭ አለኝ?»

አናጺው በጣቱ ጣውላውን መታ መታ አደረገ።

«እህትሽ አገር ቤቶቹ ወለል አላቸው?»

«ወለል የሌለው ቤት የት አለ?»

«እንግዲያ የሚጠገን አይጠፋም፤ እኔም እዚያው ሥራ አላጣም።»

በደንብ የታሰረ የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው፤ ስትጨርስ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

ቅዳሜ ሦስት ሺህ ሰው መጣ። አጎቷ ፊት ለፊት ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ ፊታቸውን እንደ ሎሚ ጨምቀው ተቀመጡ። ሙዚቃው ተጀመረ። መዞሪያው ደረሰ። አናጺው መጋረጃው ጥግ ትንፋሹን ዋጠ። ሲጥ! አራት መቶ ልጆች እንደ አንድ ሰው ዞሩ፤ ንፋሱ የአጎቷን ባርኔጣ እስከ በሩ ወሰደው።

አጎቷ ባርኔጣቸውን ሊያነሡ ሄዱ፣ ግን አልተመለሱም። በሩ ላይ ቆመው በጫማቸው ጫፍ ምቱን ይመቱ ጀመር፤ ሰው ሲያያቸው እግሬን ደንዝዞኝ ነው አሉ። ሲያልቅም፣

«ወንበሮቹ ደጅ ይደሩ፣» አሉ። «ዝናብ ከመታቸው ያን ጊዜ እናስባለን።»

አናጺውና አስተማሪዋ በዚያው ዓመት ተጋቡ። ፕሮግራሙም ዛሬ የሁለት ሰፈር ልጆችን ያስተምራል። አዲስ ልጆች በገቡ ቁጥር፣ አሁን ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለው አናጺ መስኮቱ ሥር ቆሞ ይህንኑ ታሪክ ይነግራቸዋል። ባለፈው ሳምንት ልጆቹን አምስት መቶ አድርሷቸው ነበር። ሲጨርስ አጨበጨቡለት።

አስተማሪዋ ጥጉ ላይ ቁጭ ብላ የስፒከሩን ገመድ ትጠቀልል ነበር። ቀና ሳትል፣ አጠገቧ ላሉት ልጆች ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሠላሳ ሁለት ነበሩ። ሙዚቃውም እስከ ደጅ ይሰማ ነበር፤ በጣውላ ጩኸት የዞረ ልጅ የለም። ሐሙስ የጮኸው የኔ ጫማ ነው፤ ቅዳሜም እንደዚያው። ዳንሱን ልጆቹ ከወር በፊት አቀላጥፈው ይዘውት ነበር።» ገመዱን አስቀመጠች። «ሰኞ ጠዋት እሱ መሣሪያውን ሊወስድ ሲመጣ በመስኮት አየሁትና፣ ኋላ ያሉትን ‹ዛሬ አንዴ ብቻ፣ ስትዞሩ ቁሙልኝ› አልኳቸው።»